ምንም ያልተሰጣቸው አይጦች

አንድ ኬሚካል በአይጦች ላይ ካንሰር አስከተለ የሚል የጥናት ሪፖርት ሲደርሰኝ መጀመሪያ የምፈልገው ኬሚካሉ የተሰጣቸውን ሳይሆን ምንም ያልተሰጣቸውን እንስሳት የሚመለከተውን ሠንጠረዥ ነው። ይህን ልማድ ያገኘሁት በፓቶሎጂ ቤተ ሙከራ በጀማሪነቴ ከፈጸምኩት ስሕተት ነው። ከአንድ ወንድ አይጥ የተወሰደ የቆለጥ ናሙና በማይክሮስኮፕ ስመለከት ጤነኛው ኅብረ ሕዋስ ወደ ዳር ተገፍቶ መካከሉን ዕጢ ሞልቶት አገኘሁት። ኬሚካሉ ያደረሰው ጉዳት መሆኑን ስላልተጠራጠርኩ በችኮላ ለአለቃዬ አሳየኋቸው። እርሳቸውም ጥቂት ካዩ በኋላ «የእንስሳውን ቁጥር ተመልክተሻል?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ። ቁጥሩን ከመዝገቡ ጋር ሳመሳክረው እንስሳው ከማነጻጸሪያው ቡድን ሆኖ ተገኘ፤ በዕድሜው ሙሉ ከመኖና ከውኃ በቀር የቀመሰው ነገር አልነበረም።

ለብዙ ዓመታት በዚህ ሥራ ሲያገለግል በኖረው ፊሸር 344 በሚባለው የትልቁ አይጥ (ራት) ዘር፣ ሁለት ዓመት የሞላቸው ወንዶች አብዛኞቹ ያለ አንዳች ኬሚካል ይህ የቆለጥ ዕጢ ይወጣባቸዋል። ቢ6ሲ3ኤፍ1 በሚባለው የትንሿ አይጥ (ማውስ) ዘር ደግሞ በወንዶቹ ጉበት ላይ ዕጢ ማግኘት የተለመደ ነው። አይጥ ሲያረጅ እንደ ሰው ሁሉ ካንሰር ይይዘዋል። ስለዚህ የሙከራው ጥያቄ «ዕጢ ታየ ወይስ አልታየም?» ሳይሆን «ካልተነኩት ይልቅ በተነኩት ላይ በዛ ወይ?» የሚል ነው፤ ካልተነኩት የሚገኘው ቁጥር ካልታወቀ መልስ አይኖረውም።

ሙከራው እንዴት እንደሚከናወን ላስረዳ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1978 የተቋቋመው ብሔራዊ የቶክሲኮሎጂ (የመርዛማነት ጥናት) ፕሮግራም በሚከተለው የተለመደ አሠራር፣ ትልቁና ትንሹ የአይጥ ዝርያ በየጾታቸው ተለይተው፣ በእያንዳንዱ ቡድን 50 እንስሳት ይመደባሉ። ሦስት የመጠን ደረጃዎችና አንድ ማነጻጸሪያ ቡድን ሲኖሩ ድምሩ 800 ይሆናል። አስቀድሞ በ90 ቀን ጥናት ከፍተኛው መጠን ይመረጣል፤ ይህም የእንስሳውን ክብደት ከማነጻጸሪያው ከ10 በመቶ በላይ የማይቀንስና ዕድሜውን በሌላ መርዛማነት የማያሳጥር ሊሆን ይገባዋል። ከዚያ በኋላ 104 ሳምንት ይቀጥላል። እንስሳቱ በየጊዜው ይመዘናሉ፣ ቆዳቸው በጣት እየተዳሰሰ እብጠት ይፈለጋል፣ የተገኘውም የታየበት ቀንና ቦታ ይጻፋል። በመጨረሻ ከእያንዳንዱ እንስሳ 40 ያህል የአካል ክፍሎች ተወስደው እንዳይበሰብሱ ፎርማሊን ውስጥ ይቆያሉ፤ ፓራፊን በሚባል ሰም ውስጥ ከተቀበሩ በኋላ አንድ ሚሊሜትር ለ200 ሲከፈል የሚገኘውን ያህል ስስ ሆነው ይቆረጡና በሰማያዊና በሮዝ ቀለም ተነክረው ለንባብ ይቀርባሉ።

ብዙ ሰው የሚያነሣው ቅሬታ መጠኑን የሚመለከት ነው፤ «ማንም ያን ያህል አይወስድም» ይባላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ምክንያቱ ከሒሳብ የመጣ ነው። በ50 እንስሳት ላይ አንድም ዕጢ ባይታይ እንኳ፣ ትክክለኛው የመታመም ዕድል ከመቶ እስከ ስድስት ሊደርስ እንደሚችል ስሌቱ ያሳያል። ከሺህ ሰው አንዱን የሚገድል ነገር በሕዝብ ደረጃ ከባድ ጥፋት ሲሆን በ50 አይጦች መካከል ግን ፈጽሞ ላይታይ ይችላል። የመቶ ሺህ አይጦች ሙከራ ማድረግ ስለማይቻል የእንስሳቱ ማነስ በመጠኑ ከፍታ ይካካሳል። ይህ ማካካሻ የራሱ ዕዳ አለው፤ ከፍተኛ መጠን ሕዋሳትን እያቆሰለ ቶሎ ቶሎ እንዲባዙ ሊያስገድዳቸው ይችላል፣ መባዛቱም በራሱ ለስሕተትና ለዕጢ በር ይከፍታል። ኬሚካል ዘረ መልን ይለውጥ እንደሆነ በባክቴሪያ የሚፈተሽበትን ምርመራ የፈጠሩት ብሩስ ኤምስ እ.ኤ.አ. በ1990 ይህንኑ ተቃውሞ አንሥተው፣ በከፍተኛ መጠን ከተሞከሩት ኬሚካሎች ግማሽ ያህሉ ካንሰር አምጪ ሆነው መገኘታቸው ራሱ ሊያጠራጥረን እንደሚገባ ተከራክረዋል። ክርክራቸው ውጤትን እንዴት ማንበብ እንዳለብን ያስተማረኝ ቢሆንም፣ ሙከራውን ለመጣል ግን በቂ ምክንያት ሆኖ አላገኘሁትም።

በቂ ያልሆነበትን ምክንያት ፎርማልዴሃይድ ያሳየናል። ናሙናዎቻችንን የምናቆይበት ፎርማሊን የእርሱ ውኃ የተቀላቀለበት መልክ ስለሆነ ነገሩ እኔንም በቀጥታ ይነካኛል። እ.ኤ.አ. በ1980 አካባቢ ትነቱን ለረጅም ጊዜ በከፍተኛ መጠን የተነፈሱ አይጦች የአፍንጫ ካንሰር ታየባቸው። የአፍንጫ ካንሰር ባልተነኩ አይጦች ላይ እጅግ ብርቅ ነው፤ ስለዚህ በማነጻጸሪያው ዓምድ የተጻፈው ዜሮ ከየትኛውም ስሌት በላይ ተናገረ። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በሰዎች ላይ የተሰበሰበውን ማስረጃ መርምሮ ፎርማልዴሃይድን በሰው ላይ ካንሰር አምጪ ከሆኑት ከመጀመሪያው ምድብ የመደበው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። በቆለጥ ላይ ከ50 ውስጥ 44 የነበረው ወደ 47 ቢያድግ ምንም አያስጨንቀኝም፤ በአፍንጫ ላይ ከዜሮ ወደ ሦስት ቢያድግ ግን ያነጋግረኛል።

የማነጻጸሪያው ቡድን የማይመልሰው ጥያቄም አለ። ሳካሪን የተባለው ሰው ሠራሽ ማጣፈጫ ከመኗቸው 5 በመቶ ያህል በተሰጣቸው ወንድ አይጦች ላይ የሽንት ፊኛ ካንሰር መብዛቱ እውነተኛ ልዩነት ነበር፤ ካናዳ እ.ኤ.አ. በ1977 በምግብ ውስጥ እንዳይገባ አገደችው፣ አሜሪካም ማስጠንቀቂያ እንዲለጠፍበት አደረገች። በኋላ ግን በእነዚያ አይጦች ሽንት ውስጥ ሳካሪኑ የካልሲየም ፎስፌት ዝቃጭ እንደሚፈጥር፣ ዝቃጩም የፊኛውን ግድግዳ እንደሚያቆስል፣ የሰው ሽንት ግን እንዲህ እንደማይሆን ታወቀ፤ ማስጠንቀቂያው እ.ኤ.አ. በ2000 ተነሣ። በተቃራኒው አፍላቶክሲን የተባለው የሻጋታ መርዝ ትልቁን አይጥ በጥቂቱም የጉበት ካንሰር ሲያሲዘው፣ ትንሿ አይጥ ጉበቷ ውስጥ ያለው ኤንዛይም መርዙን ስለሚያመክንላት በእጅጉ ትቋቋመዋለች። የሰው ጉበት በዚህ ረገድ እንደ ትንሿ አይጥ አልታደለም። በትንሿ ብቻ ተሞክሮ ቢሆን ኖሮ ምን ያህል ተዘናግተን እንደምንቀር ሳስበው፣ ሁለት ዝርያ የሚጠየቅበትን ምክንያት ለማንም ለማስረዳት አልቸገርም።

ወደ ማነጻጸሪያው ቡድን የሚመልሰኝ አሁን እየተነሣ ያለ ሐሳብ አለ። ለመድኃኒቶች እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ፣ ሌላው ማስረጃ በቂ ሲሆን በትልቁ አይጥ ላይ የሚደረገውን የሁለት ዓመት ሙከራ መተው እንዲቻል አድርጓል፤ ብዙ እንስሳትን ከስቃይ የሚያድን ስለሆነ ከልቤ እደግፈዋለሁ። ከዚህ አልፎ ደግሞ ምንም የማይሰጣቸውን እንስሳት ጨርሶ ትቶ፣ በቦታቸው ካለፉት ሙከራዎች የተጠራቀመውን መዝገብ ለመጠቀም የሚጥሩ ተመራማሪዎች አሉ። ዓላማቸውን አከብራለሁ፤ ነገር ግን «ምንም ያልተሰጣቸው» የምንላቸው አይጦች በእርግጥ ምንም ያልተሰጣቸው አይደሉም። ኬሚካሉ በበቆሎ ዘይት ተሟሙቶ በቱቦ ወደ ሆድ የሚገባ ከሆነ ማነጻጸሪያዎቹም ዘይቱን ብቻውን ይወስዳሉ፤ ይህ ዘይት ብቻውን በወንድ ፊሸር አይጦች ላይ የቆሽት ዕጢ ሲያበዛ፣ በዚሁ ዘር የተለመደውን የደም ካንሰር ደግሞ ሲቀንስ ታይቷል። ያለ ገደብ የሚመገቡና የሚወፍሩ አይጦች ዕጢ ይበዛባቸዋል፤ መድኃኒቱ የምግብ ፍላጎታቸውን የዘጋባቸው ደግሞ ስለከሱ ብቻ ዕጢ ሊያንሳቸውና ኬሚካሉ ንጹሕ መስሎ ሊታይ ይችላል። የፊሸር አይጦች የደም ካንሰር መጠንም ባለፉት አሥርት ዓመታት በማነጻጸሪያዎቹ ላይ እያደገ መጥቶ ነበር፤ የትናንቱ መዝገብ ለዛሬው አይጥ ሁልጊዜ ልክ አይሆንም።

ለአጭር ጊዜ ጥናቶች መዝገቡ ሊተካ ይችል ይሆናል። ለሁለት ዓመቱ ሙከራ ግን በዚያው ክፍል የሚኖሩ፣ ከዚያው መኖ የሚበሉ፣ በእነዚያው እጆች የሚዳሰሱና በዚያው ሳምንት ናሙናቸው የሚነበብ፣ ቁጥራቸው ቢያንስም በሕይወት ያሉ ማነጻጸሪያዎች እስከ መጨረሻው ሳምንት እንዲቆዩ እጠይቃለሁ።