አላርሙ ጠፋ፣ ሬዚስተሩ ነደደ

ገላን አካባቢ ያለ የፕላስቲክ ቧንቧ ፋብሪካ ነው። ሞተሮቹን የሚመግበው ሬክቲፋየር (የመስመሩን ኤሲ ወደ ዲሲ የሚቀይረው) ፓነል ውስጥ ሬዚስተር እየነደደ አስቸገረን ብለው ጠሩኝ። አዲስ ይገጥማሉ፣ ትንሽ ይሠራል፣ ደግሞ ይነድዳል። ስደርስ ሬዚስተሩ መሃሉ ጠቁሮ ተሰንጥቋል፤ የአጠገቡ ሽቦ ልባሱ ቀልጦ መዳቡ ይታያል።

«የመብራቱ ጥፋት ነው ኢንጂነር፤ የዚህ ሰፈር መብራት አይታመንም» አሉኝ ኤሌክትሪሽያኑ፣ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። መብራት ላይ ማላከክ ቀላል ነው፤ ብዙ ጊዜም ያስኬዳል። ግን ይህ ሬዚስተር የተገጠመው የከረንቱን ረብሻ ከሚያጣራው ፊልተር ካፓሲተር ጋር ነው። ሥራው ፊልተሩ በራሱ ፍሪኩዌንሲ ሲንቀጠቀጥ ማርገብ ነው። እሱ ከነደደ ምክንያቱ መጀመሪያ የሚፈለገው እዚያው ፓነል ውስጥ ነው።

ይህ ሬክቲፋየር እንደ ድሮዎቹ ዳዮድ ብቻ አይደለም። ትራንዚስተሮቹን በሴኮንድ በሺዎች የሚቆጠር ጊዜ እያበራ እያጠፋ ከመስመሩ የሚስበውን ከረንት ወደ ሳይን ሞገድ ያስጠጋል። የዳዮዶቹ የ250 እና የ350 ኸርትዝ ሃርሞኒክስ (የመስመሩ 50 ኸርትዝ ብዜት የሆነ ረብሻ) ይቀንሳል። በምትኩ ማብራት ማጥፋቱ ራሱ ሌላ ረብሻ ይፈጥራል፤ ያንን የሚያስቀረው ኮይል፣ ካፓሲተር፣ ከዚያ ደግሞ ኮይል ያለው ፊልተር ነው።

የሬክቲፋየሩን ሜኑ ከፈትኩ። ስዊችንግ ፍሪኩዌንሲው (በሴኮንድ የሚያበራ የሚያጠፋበት ብዛት) 2 ኪሎ ኸርትዝ ይላል፤ በሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት 4።

«ማን ነካው ጋሼ?»

ዝም። ቆይቶ አንዱ ወጣት «በሙቀት ትሪፕ እያደረገ፣ ራሱን እያጠፋ ሲያስቸግረን ዝቅ አደረግነው፣ አላርሙም ጠፋ» አለ። ይጠፋል እንጂ! ማብራት ማጥፋቱ ሲቀንስ ትራንዚስተሩ ይቀዘቅዛል።

ፊልተሩ ግን የተሠራው ለ4 ነው። ከኮይሎቹና ከካፓሲተሩ ሳሰላው የራሱ ፍሪኩዌንሲ 1350 ኸርትዝ ገደማ መጣ። የተለመደው ልክ ከመስመሩ 50 ኸርትዝ አሥር እጥፍ በላይ፣ ከስዊችንጉ ግማሽ በታች ነው። በ4 ኪሎ ኸርትዝ ከ500 እስከ 2000 ስለሆነ በሰላም ይገባል። በ2 ግን ጣሪያው 1000 ላይ ይወርዳል፣ አለቀ። በሂሳብ ወደ መስመሩ የሚያመልጠው ረብሻ ከአሥር እጥፍ በላይ ይጨምራል፤ ሬዚስተሩ ላይ የሚያርፈው ሙቀትም ወደ አሥር እጥፍ ይጠጋል። የመጋዘኑ ዲጂታል ሚዛን ቁጥሩ ይዘላል የሚባለውም ለካ ከዚሁ ነበር።

የመጀመሪያው ሙቀት ከየት መጣ? የፋኑን ክዳን አወለቅነው። ለቧንቧው የሚቀላቀለው ነጭ የካልሲየም ካርቦኔት ዱቄት የአየር ማጣሪያ ስፖንጁን ደፍኖታል፤ በጥፍር ሲጭሩት እንደ ኖራ ይላጣል። ስፖንጁ ተቀየረ፣ ሬዚስተሩ ተቀየረ፣ ፍሪኩዌንሲው ወደ 4 ተመለሰ። ሞተሮቹን በሙሉ ጭነት አስነስተን ጠበቅን፤ ሙቀቱም አልጨመረም፣ ሚዛኑም ጸጥ አለ።

ሜኑው በይለፍ ቃል ይዘጋ ስል ኤሌክትሪሽያኑ ተቆጡ፦ «ሌሊት ቢቆምብኝ ማንን ልቀስቅስ?» እውነታቸውን ነው። ይለፍ ቃሉን ለእሳቸው ሰጠናቸው፣ ስፖንጁን ማራገፍ የቅዳሜ ጽዳት ውስጥ ገባ።