አሮጌ ሞተሮች፣ አንድ ካንዴላ

ዛሬ እሁድ ጠዋት ሰባት ሆነን ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ወጣን፤ ሁላችንም በአሮጌ ሞተር። የኔዋ ያማሃ የአባቴ ነበረች። ግብርና ላይ ሲሠራ ቀበሌ ለቀበሌ የዞረባት ናት።

መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ግን ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ፣ ደሴ ደግሞ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። ሽቅብ ሲወጣ አየሩ ይሳሳል፤ አሮጌ ካርቡሬተር ግን ቤንዚኑን ታች እንደለመደው ነው የሚያፈሰው። ዳገቱ ላይ የኔዋ ተንተባተበች፣ ከዚያ ቀጥ አለች።

ስድስቱም ቆሙ። አንድም ሰው አላለፈኝም።

ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጡት ጋሼ ከቬስፓቸው ወርደው «አብሽር ልጄ» አሉኝና ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ ፈቱት። ቤንዚኑ ስለበዛበት ጫፉ ጥላሸት ለብሷል። በጨርቅ ጠረጉት፣ በብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብለው አሹት፣ ክፍተቱን አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ወደ ፀሐይ አዩት። እጃቸው ዘይት በዘይት ሆኗል፤ የአባቴን እጅ አስታወሰኝ። በሦስተኛው ርግጫ ሰማያዊ ጭስ ተፍታ ተነሣች። ጭብጨባው!

ደሴ ፒያሳ ቡና ጠጣን። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ መካኒኩም መምህሩም አንድ ላይ ተቀምጦ ስለ ፍሪሲዮንና ስለ ማርሽ ሲያወራ የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፈነ። ማንም ለመሄድ አልቸኮለም።

ስንለያይ ጋሼ ከኪሳቸው አዲስ ካንዴላ አውጥተው እጄ ላይ አኖሩ። ልከፍል ብል እምቢ አሉ።

«አባትህም አንድ ቀን ሐርቡ መንገድ ላይ ሰጥቶኛል» አሉኝ።