ጨለማን ሊያስር የወጣው ልጅ

ሰሞኑን ሱቄ የሚገቡ ደንበኞች ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠይቁኝ ኮምፒውተር ጌም ውስጥ ስላለ አንድ ጀልባ ነው። «እንዴት ሆነ? ገባ ወይስ አሁንም እንቢ አለ?» ሱቄ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ነው። ሰው የሚመጣው መታወቂያ ኮፒ ሊያስደርግ፣ ማመልከቻ ሊያስጽፍ ነው። የጀልባውን ነገር ያመጣችው የእህቴ ልጅ ናት።

ሚጡ አምስት ዓመቷ ነው። ከኬጂ ስትወጣ እናቷ ከሥራ እስክትደርስ እኔ ጋ ትቆያለች። ስልኬን ሰጥቼ ማስቀመጥ ይቀለኝ ነበር። ግን ስልክ ላይ ካሉት የልጆች ጌሞች ብዙዎቹ አናቴን ያዞሩታል። «ትምህርታዊ» ይባላሉ። ሁለት ሲደመር ሦስት ስንት ነው ብለው ይጠይቃሉ፤ ልጅቷ ስትመልስ ርችት ይተኩሳሉ፣ ሳንቲም ያዘንባሉ፣ ከዚያ ማስታወቂያ። ልጅቷ ያየችው ሳንቲሙን ነው፤ አምስትን ማን አየው? ስለዚህ ለሥራ የማይሆነው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ አንድ የድሮ ጌም ጫንኩላት።

ፓጃማ ሳም ይባላል። በፈረንጆቹ 1996 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ነው። ሳም ጨለማ የሚፈራ ትንሽ ልጅ ነው። የሚወደው የኮሚክ ጀግና ግን ማንንም አይፈራም። አንድ ማታ መብራት ሲጠፋ የሳም ወኔ ይመጣና ጨለማን ይዤ አስረዋለሁ ብሎ ይነሳል። ጭምብሉን፣ ባትሪውን፣ ጨለማን የሚቆልፍበትን የምሳ ዕቃ ይዞ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ቁልቁል ወርዶ የጨለማ አገር። ገና ከመድረሱ የሚናገሩ ዛፎች ይይዙትና ንብረቱን በሙሉ ይወርሱታል። የጉምሩክ ዛፎች ናቸው። እዚህ ላይ ሚጡ ምንም አልመሰላትም። ከኋላዋ ቆመው ኮፒ የሚጠብቁት ሰዎች ግን በሳቅ ሞቱ።

ጨዋታው እንግዲህ ሦስቱን ዕቃዎች አፈላልጎ ማግኘት ነው። እንደ አዲስ ሲጀመር የዕቃዎቹ መደበቂያ ሊቀየር ስለሚችል መንገዱን ሸምድዶ መጨረስ አይሆንም። እኛ አገር ትምህርት ቤት ለተማረ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ወደ ጀልባው ልምጣ። ስሙ ኦቶ ነው፤ ከእንጨት የተሠራ ሆኖ ሳለ ውሃ ይፈራል። እሰምጣለሁ ባይ ነው። ሳም ደግሞ በወንዙ ለመሄድ ኦቶ ያስፈልገዋል። እንጨት እኮ አይሰምጥም ቢለው አይሰማም። ጌሙ የሚናገረው በእንግሊዝኛ ስለሆነ እኔ ከባንኮኒው ኋላ ሆኜ፣ እየተየብኩ፣ የኦቶን ድምፅ በአማርኛ አወጣላታለሁ። «ኧረ እኔ አልገባም! ሰምጬ ብቀርስ?» ሚጡ ወገቧን ይዛ፣ ቁጭ እናቷን መስላ፣ «ና ግባ! ሰነፍ!» ብላ ስክሪኑ ላይ ጮኸችበት። ኦቶ ወይ ፍንክች። ደጋግማ ነካችው፣ ደጋግሞ እንቢ አለ። ተናደደችና ትታው ሌላ ቦታ ስትዞር ዋለች።

በማግስቱ አንድ የሰፈራችን አዛውንት ማመልከቻ ሊያስጽፉ መጥተው አጠገቧ ተቀመጡ።

«ምን እያረግሽ ነው የኔ ልጅ?»

«አባባ፣ ይሄ ጀልባ እንጨት ነህ ስለው አያምነኝም።»

«እንጨት ውሃ ላይ አይቶ ያውቃል?»

አሰበች። እኔ መልሱን አውቀዋለሁ፤ ምላሴን ነክሼ ዝም አልኩ። ቀደም ብላ አንድ ሳንቃ አንስታ ነበር። ከታች ካሉት ዕቃዎቿ መካከል እሱን ፈለገች፣ ማውሱን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ወንዙ ወሰደችና ነካች። ሳንቃው ተንሳፈፈ። ኦቶም አየና እያመነታ ገባ። ሚጡ ወንበሩ ላይ ቆማ ጨፈረች። አዛውንቱ ማመልከቻቸውን ረስተው «ጎበዝ! ጎበዝ!» እያሉ አጨበጨቡ። የጀልባው ወሬ እንዲህ ሆኖ ነው ሰፈሩን የዞረው።

በእኔ ቤት ዋናው ነገር የመጣው ግን ጌሙ ከተዘጋ በኋላ ነው። ሳፋ ውሃ ሙሉ ቀዳሁላትና የሱቁን ዕቃ መጣል ጀመረች። እርሳስ ተንሳፈፈ። ሳንቲም ሰመጠ። ላጲስ ሰመጠ። የስቴፕለር ሽቦ ሰመጠ። የእስክሪብቶ ክዳን ተንሳፈፈና ውሃ ሲገባበት ሰመጠ። ከዚያ ቀና ብላ «ትልቁ መርከብ ብረት ነው አይደል? ለምን አይሰምጥም?» አለችኝ። ባዶ የድልህ ቆርቆሮ አመጣሁና ቀስ አድርጌ ውሃው ላይ አስቀመጥኩት። ቆመ። ጠጣር ቢሆን ኖሮ ይሰምጥ ነበር፤ ሆዱ ባዶ ስለሆነ ግን ገፍቶ የሚያስወጣው ውሃ ከራሱ ክብደት ጋር ይመጣጠናል። ለእሷ የነገርኳት «ሆዱ አየር ነው» ብዬ ብቻ ነው። ቆርቆሮውን በጣቷ ጫን ስታደርገው ውሃው መልሶ ሲገፋት ተሰማት። በዚህ ዕድሜ ከዚህ የተሻለ የፊዚክስ ትምህርት የት ይገኛል?

ጌሙን የሠሩት ሰዎች ነገሩ ገብቷቸዋል። ሮን ጊልበርት የሚባለው ሰው መጀመሪያ ለትልልቆች የጀብዱ ጌም ይሠራ ነበር፤ በ1990 የወጣው መንኪ አይላንድ የእሱ ነው። በ1992 ከሼሊ ዴይ ጋር ሆኖ ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ ሁሞንገስ ኢንተርቴይንመንት የተባለውን የልጆች ጌም ድርጅት መሠረተ። በዚያን ዘመን ከነበሩት የጀብዱ ጌሞች ብዙዎቹ ጨካኞች ነበሩ። አንድ ዕቃ ሳታነሳ ካለፍክ ከሰዓታት በኋላ መውጫ ታጣለህ፤ ወይ ትሞታለህ፤ ከዚያ ከመጀመሪያው ጀምር። ጊልበርት ይሄን አይወድም ነበር። በልጆቹ ጌም ላይ ደግሞ ጭራሽ አጠፋው። ሞት የለም፣ ሰዓት የለም፣ ነጥብ የለም፣ መንገድ የሚዘጋ ስህተት የለም። ሁሉም በድምፅ ስለሚነገር ማንበብ አያስፈልግም። ማውሱን መንካት ብቻ ነው።

እኛ ቤት እንቆቅልሽ ስንጫወት ያላወቀ አገር ይሰጣል፣ ከዚያ በሰጠው አገር ላይ ተቀምጠውበት ስድቡን ይጠጣል። እኔ በልጅነቴ ጎንደርን ሰጥቼ ስሰደብ ያለቀስኩ ሰው ነኝ። ሳም ላይ የሚሳደብ የለም። ሚጡ ሳንቃውን ዛፍ ላይ ሞከረችው፣ ድንጋይ ላይ ሞከረችው፤ ሳም በለዘበ ድምፅ አይሆንም ይላታል፣ ታልፋለች። ስድብ ከሌለ ልጅ መሞከር አይታክተውም።

ሁሉ ነገር ማር ነው እያልኩ አይደለም። ስክሪኑ ላይ ያለው ነገር ሁሉ ሲነካ ቀልድ ያሳያል። እንጉዳዩ ይዘፍናል፣ ድንጋዩ ይዘላል። ሚጡ አንድ ስክሪን ላይ ግማሽ ሰዓት ተቀምጣ ይሄንኑ ስትነካካ ትስቃለች፤ ዋናው ጉዳይ ይረሳል። ድምፁም ለሱቅ አይሆንም። ደግሞ አዋቂ አጠገብ ከሌለ ለእኛ ልጅ ግማሹ ነገር ያልፋታል። ጌሙን ከፍቶ ልጅን ጥሎ ለመሄድ ያሰበ ሰው ገንዘቡን ባያባክን ይሻላል። መብራት ሲጠፋም ያው ሁሉም ነገር ድርግም ነው። ሴቭ ማድረግ ይቻላል፤ አስተምሬያታለሁ፤ አሁን እኔንም «ሴቭ አደረግሽ?» እያለች የደንበኛ ጽሑፍ ስጽፍ ትቆጣጠረኛለች።

አሮጌ ኮምፒውተር ያላችሁ ሰዎች አትፍሩ። ስካምቪኤም የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ እንዲህ ያሉትን የድሮ ጌሞች በደካማ ማሽን ላይ ያስኬዳል። ጌሙን ግን መግዛት ነው። የእኔን ወንድሜ ስቲም ከሚባለው የኢንተርኔት ጌም መሸጫ ገዝቶ ሲመጣ በፍላሽ ይዞልኝ መጣ።

መጨረሻውን ልናገርና ልጨርስ፤ ጌሙን ልትጫወቱ ያሰባችሁ ይሄን አንቀጽ ዝለሉት። ሳም ዕቃዎቹን ሰብስቦ ጨለማ ወደሚኖርበት ቤት ይገባል። ጨለማ ሆዬ ብቸኛ ሆኖ ተገኘ። ሁሉም ስለሚሸሸው የሚያጫውተው አጥቷል። እና ይጫወታሉ። እኔ ሆዴ ባባ። ሚጡ ግን ተናደደች። «ታዲያ የምሳ ዕቃውን ለምን ፈለግነው? ለምን አላሰረውም?» ይሄን ያህል ደክማ እስረኛ ማጣቷ አልተዋጠላትም። ሲመሽ ግን እናቷን ጨለማ እራቱን ምን እንደሚበላ ጠየቀቻት አሉ።

ፍርሃቷ ጠፋ ወይ ለምትሉኝ፣ አልጠፋም። ማታ ሽንት ቤት ብቻዋን አትሄድም። እንዴት ትሂድ? እኛው አይደለን እንዴ እንቢ ባለች ቁጥር አያ ጅቦ መጣልሽ የምንላት! እናቷን ተቆጥቻለሁ፤ አያቷን ግን ማን ይናገራል።

አሁን የ1998ቱን ሁለተኛውን ጀምረናል። እዚያ ሳም የሚፈራው መብረቅና ነጎድጓድ ነው። የአየር ጠባይ የሚመረትበት ፋብሪካ ገብቶ ማሽኖቹን አበላሽቶ የጠፉትን ዕቃዎች ይፈልጋል። ሦስተኛው ደግሞ አለ፤ ጣፋጮችና አትክልቶች ተጣልተው ሳም ለሰላም ጉባኤው ተወካዮችን የሚሰበስብበት። ይሄንን ለአዛውንቱ ስነግራቸው «እሱ ሲጀመር ጥሩኝ» ብለዋል።