በውርጭ ማለዳ ከውሻዬ ጋር

ባለፈው የብርድ ወቅት በአንድ ማለዳ ውሻዬ አራት ጊዜ ቆቅ አግኝታ፣ አራቱንም ጊዜ አንድ እግሯን አንሥታና አፍንጫዋን ወደ ቁጥቋጦው ቀስራ ጠበቀችኝ፤ እኔ ግን አራቱንም ሳትኩ። ከመጨረሻው ተኩስ በኋላ ዞር ብላ ስታየኝ እርሷ ድርሻዋን እንደ ተወጣች፣ ያልተወጣሁት እኔ እንደ ሆንሁ ተረዳሁ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮም ስህተቴ ከየት እንደሚመነጭ መመርመር ያዝሁ።

ምክንያቱን ያገኘሁት ካፖርቴ ላይ ነው። በሞቃት ወራት በስስ ሸሚዝ የለመዱት ሾትገን፣ ማለትም ጥቃቅን አረሮችን በአንድ ጊዜ የሚተፋ ጠመንጃ፣ በወፍራም ልብስ ላይ ሲያርፍ ሰደፉ የረዘመ ያህል ይሆናል፤ ሲነሣም ብብት ሥር ካለው ጨርቅ ጋር ይያያዝና ተኳሹ ጉንጩን በሰደፉ ላይ ሳያሳርፍ ቃታውን ይስባል። ሾትገን አብዛኛውን ጊዜ የኋላ ማነጣጠሪያ የለውም፤ የዚያን ቦታ የሚይዘው የተኳሹ ዐይን ነው። ስለዚህ ራስ ጥቂት ቀና ካለ አረሩ ከወፏ በላይ ያልፋል። እኔም ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ አረጋግጬ፣ ያንኑ ካፖርትና ጓንት ለብሼ፣ በየምሽቱ ለ10 ደቂቃ ያህል ማንሣቱን ብቻ እለማመድ ጀመር። ዐይኔን ጨፍኜ ሰደፉን መጀመሪያ ወደ ጉንጬ፣ ቀጥሎም ወደ ትከሻዬ አመጣዋለሁ፤ ስገልጠው አፈሙዙ ከዐይኔ ጋር ካልተሰለፈ እንደገና እጀምራለሁ። በሜዳ ከተኮስኋቸው ብዙ ጥይቶች ይልቅ ያሻሻለኝ ይህ ድምፅ የሌለው ልምምድ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሌላው ጉዳይ መቅደም፣ ማለትም ከምትበረው ወፍ ፊት ለፊት አስቀድሞ መተኮስ ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የምትበር ወፍ በሰከንድ ወደ 17 ሜትር ገደማ ትጓዛለች፤ አረሩ 30 ሜትር ለመድረስ የሰከንድ አንድ ዐሥረኛ ያህል ስለሚወስድበት፣ ወፏ አግድም የምትበር ከሆነ በዚያች ቅጽበት ከ1.5 ሜትር በላይ ትርቃለች። ይህን የመቅደሚያ ርቀት በዐይን ለመለካት መሞከር ግን አፈሙዙን ያቆመዋል፤ አፈሙዙ ከቆመ ደግሞ አረሩ ከኋላዋ ይቀራል። እይታ ከወፏ ራስ ሳይነቀል፣ እጅ ከተኩሱ በኋላም መንቀሳቀሱን መቀጠል አለበት።

ከርቀት መተኮስ ያቆምሁትም በወረቀት ላይ ካየሁ በኋላ ነው። 75 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ የተሣለበት ወረቀት በ36 ሜትር ርቀት ላይ ሰቅሎ መተኮስ፣ ቾክ የሚባለው የአፈሙዝ ጥበት አረሩን እንዴት እንደሚበትነው በግልጽ ያሳያል። የእርሳስ አረርን በብረት የሚተካ ሰው በተለይ ይህን ቢያደርግ መልካም ነው፤ ብረት ከእርሳስ ስለሚቀልል ፍጥነቱን ቶሎ ያጣልና።

ውሻዋ ቆማ ስታመለክት ከኋላዋ በቀጥታ አልመጣም፤ ከጎን ዞሬ፣ እግሬን ተኩሱ ይሆናል ወደምለው አቅጣጫ አስተካክዬ እቀርባለሁ። እርሷ የምትሰጠኝ ትልቁ ስጦታ ይህች የመዘጋጃ ጊዜ ናት። ወፏ ዝቅ ብላ ከበረረችና ከበስተጀርባዋ ሰማይ ካልታየኝ አልተኩስም፤ ውሻዋ ልትከተላት ትችላለችና። አቁስሎ መተውም ያሳዝነኛል፤ ስለዚህ ወፏ የወደቀችበትን ቦታ በዐይኔ ይዤ ውሻዋን ነፋሱ ከወፏ ወደ እርሷ በሚነፍስበት በኩል እልካታለሁ።

በረዶ ላይ ከወደቅሁ ወይም ጠመንጃው መሬት ከነካ ጥይቱን አውጥቼ ቱቦውን አያለሁ፤ በበረዶ የተደፈነ አፈሙዝ ሲተኮስበት ሊፈነዳ ይችላል። የውሻዋንም ጣቶች በየጊዜው እመረምራለሁ፤ በመካከላቸው የሚጋገረው በረዶ ቆዳዋን ያቆስላል፤ በብርድም ቢሆን ውኃ ያስፈልጋታል። ወደ ሞቃት ክፍል ስንገባ ብረቱ ላይ ጤዛ ስለሚቋጠር ጠመንጃውን ማጽዳት ግድ ነው፤ የማጸዳው ግን እግሮቿን ካደረቅሁ በኋላ ነው።