ግማሽ ሻንጣ ቫይታሚን

የባሌ እህት ከአሜሪካ ስትመጣ ግማሽ ሻንጣ ቫይታሚን ይዛ መጣች፣ ቢ6 በለው ዚንክ በለው ማግኒዚየም በለው፣ ኦቲዝም ያለበት ልጅ ያላት ጓደኛዋ እንደምትሰጥ አይታ ነው። እግዜር ይስጣት፣ እዚህ ኮዬ ፈጬ ድረስ አምጥታ አራተኛ ፎቅ ተሸክማ ነው የወጣችው።

የኔም ልጅ ኦቲዝም አለበት፣ ስድስት አመቱ ነው፣ አያወራም፣ ፍርፍርና ነጭ ሩዝ ካልሆነ አይበላም፣ ከሚጠጣ ደግሞ ማንጎ ጁስ። ዱቄቱን ጁሱ ውስጥ ደብቄ ሰጠሁት፣ አንዴ ቀመሰና ብርጭቆውን አሽትቶ መለሰልኝ። ከዛ ቀን ወዲህ ማንጎ የሚባል አይነካም። የነበረችውንም አሳጣሁት በቃ።

ጠርሙሶቹን በፌስታል ይዤ ዶክተሯ ጋ ሄድኩ። የቢ6ን መጠን አይታ "ስንት ቀን ሰጠሽው?" አለችኝ፣ ፊቷ ደስ አላለኝም። በብዛት ለረጅም ጊዜ ከተወሰደ ነርቭ ይጎዳል ለካ፣ እጅ እግር ያደነዝዛል። እኔ እኮ ቫይታሚን ምን ሊያደርግ ባይ ነበርኩ።

በምግብ ወይ በቫይታሚን የሚስተካከል በሽታ የለም ማለት አይደለም። ፒኬዩ የሚባል በሽታ አለ፣ ሰውነት ፌኒልአላኒን የሚባለውን የፕሮቲን ክፍል ማብላላት ያቅተውና ተጠራቅሞ አእምሮ ይጎዳል፣ ኦቲዝም የሚመስል ነገርም ሊያሳይ ይችላል። ኖርዌይ ውስጥ አንዲት እናት የሁለት ልጆቿ ሽንት ለምን እንዲህ ይሸታል እያለች ከሐኪም ሐኪም ስትዞር፣ እ.ኤ.አ. በ1934 ፎሊንግ የሚባለው ሐኪም ሽንቱ ላይ ፌሪክ ክሎራይድ የሚባል ኬሚካል ጠብ ቢያደርግበት አረንጓዴ ሆነ፣ በዛው ተገኘ። ያቺ ሴትዮ ከአእምሮዬ አትወጣም። ለዚህ በሽታ ሥጋ እንቁላል ወተት ይከለከላል፣ ሽሮና ምስርም አብዛኛውን ጊዜ እንዲሁ፣ ግን ገና ከተወለዱ ጀምሮ ነው ዋናው ጥቅሙ። ባዮቲን ብቻ የሚያስተካክለው ሌላ በሽታም አለ፣ ፎሌት የሚባለው ቫይታሚን ወደ አንጎል በደንብ የማያልፍላቸው ልጆች ደግሞ ፎሊኒክ አሲድ ይታዘዝላቸዋል፣ ለነፍሰጡር የሚሰጠው ፎሊክ አሲድ አይደለም እንዳትቀላቅሉት። አብዛኞቹ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ግን እነዚህ የሉባቸውም፣ ስለዚህ ሳያስመረምሩ ዝም ብሎ ማጉረስ ከንቱ ነው።

ጎረቤቴ ደግሞ ግሉተን፣ ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለውን ፕሮቲን፣ አቁሚበት ትለኛለች፣ እናትዬ፣ ጤፍ እኮ ግሉተን የለውም! የሱቅ እንጀራ ምን እንደተቀላቀለበት ባላውቅም።

ባለፈው ሳምንት በሌሊት ታክሲ ይዘን ደምና ሽንት ሰጠን፣ ውጤቱ ገና ነው። ጠርሙሶቹ ቁምሳጥን ላይ ናቸው። የባሌ እህት ስትደውል "እየወሰደልሽ ነው?" ትለኛለች፣ አዎ እላታለሁ።