ሴፍቲ እና ሴኩሪቲ፦ በአንድ «ደኅንነት» አይጠቃለሉም

«ሴፍቲ ኤንድ ሴኩሪቲ» የሚለውን ርዕስ ብዙ ተርጓሚ በአንድ «ደኅንነት» ይገላገለዋል። ሁለቱ ቃላት የሚፈሩት ነገር ግን ለየቅል ነው። ሴፍቲ አደጋን ይፈራል፦ የሚያፈስ ሲሊንደር፣ የተላጠ ሽቦ፣ በደንብ ያልታሰረ መወጣጫ። ሴኩሪቲ የሚፈራው ሰውን ነው፦ ሌባን፣ የይለፍ ቃል ሰርቆ የሚገባን። ስለዚህ ከመተርጎም በፊት «ሆን ብሎ የሚጎዳ አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይበጃል።

ሴፍቲ አያስቸግርም፤ የመንገድ ደኅንነት፣ የሥራ ላይ ደኅንነት እንላለን። የሚያስቸግረው ሴኩሪቲ ነው። በተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት፣ በር ላይ ጥበቃ፣ በጡረታ ጉዳይ ማኅበራዊ ዋስትና ይሆናል። በዚህ በመጨረሻው ላይ ከላይ ያለው ጥያቄም አይሠራም፤ የሚፈራው ማጣት እንጂ ክፉ ሰው አይደለምና። ምግብ ላይም እንዲሁ ነው። ጎተራ የሞላ በቆሎ በአፍላቶክሲን፣ ማለትም ሻጋታ በሚያመነጨው መርዝ፣ ከተበከለ ጉዳዩ የምግብ ደኅንነት ነው፤ ላቦራቶሪ ይፈልጋል። እህሉ ንጹሕ ሆኖ እስከ መኸር የማያደርስ ከሆነ ግን የምግብ ዋስትና ጉድለት ነው። ሪፖርት ላይ ሁለቱን ያቀያየረ ሰው እህል ለሚያስፈልገው ቀበሌ መርማሪ ያስልካል።

ልዩነቱ ነፍስ የሚያስከፍለው በር ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1911 ኒው ዮርክ ውስጥ በትሪያንግል የልብስ ፋብሪካ እሳት ተነስቶ 146 ሰዎች ሞቱ፤ ከመውጫዎቹ አንዱ ተቆልፎ ነበር። ቁልፉ ለስርቆት መከላከያ ማለትም ለሴኩሪቲ ጥሩ ነበር፤ ሴፍቲን ግን ገደለው። ሁለቱን የሚያስታርቀው ከውስጥ በአግድም ዘንግ ተገፍቶ የሚከፈት፣ ከውጭ ግን እጀታ የሌለው በር ነው።

የኤሌክትሪክ ቁልፍ ሲገዛም ይህ ይታሰብ። በማግኔት የሚይዘው ቁልፍ ኃይል ሲቋረጥ ይለቃል፤ ሌላው ዓይነት እንደተዘጋ ይቀራል። ለመውጫ በር የሚሆነው የመጀመሪያው ነው። ሁለተኛው፣ ዕቃ ግምጃ ቤት ላይ ቢገጠም እንኳ፣ ከውስጥ ያለ ኤሌክትሪክ በእጅ የሚከፈት መሆን አለበት። ብዙ ጊዜ ስህተት የሚፈጠረው በባትሪው ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር በሩ እንዳይከፈት ተብሎ ለማግኔቱ መጠባበቂያ ባትሪ ይጨመርለታል። ባለሙያው ቁልፉን ከእሳት ማንቂያው ጋር ካላገናኘው፣ ሕንፃው ሲቃጠልም ባትሪው በሩን ጨምድዶ ይይዛል።