በሠርግ ድንኳን ውስጥ የተዛባ ቀለምን እንዴት አስተካከልኩ

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ከለገጣፎ እስከ ሰንዳፋ ባለው መንገድ ዙሪያ፣ ብዙ ሠርግ የሚደገሰው በግቢ ውስጥ በሚተከል ድንኳን ነው። ሸራው ሰማያዊ ከሆነ የቀኑ ብርሃን ሰማያዊ ሆኖ በእንግዶቹ ላይ ይወርዳል። ከቤቱ በረንዳ ደግሞ ቢጫ አምፖል ያበራል፤ ከታች ቄጠማ ተጎዝጉዟል። ባለፈው ጥር ለገጣፎ ውስጥ የቀረጽኩት ሠርግ እንዲሁ ነበር። ከሥርዓቱ በፊት ሙሽሮቹ በሚቀመጡበት መድረክ ላይ ሁለት ሰዎች አስቀምጬ በካሜራው ስመለከት፣ በግራ ያለው ፊት ሰማያዊ፣ በቀኝ ያለው ብርቱካን ሆኖ ታየኝ። ሁለቱም የለበሱት ነጭ ነጠላ ነው።

እንዲህ ያለ ምስል ሲያጋጥም ብዙ ቪዲዮ ቀራጭ እጁ ወዲያው ወደ ዋይት ባላንስ ቁልፍ ይሄዳል። ቁልፉ ግን ለካሜራው የሚነግረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ነጭ የሚባለው ይህ ነው። የብርሃን ቀለም የሚለካው በኬልቪን ነው፤ 3200 ኬልቪን በሽቦ ግለት ለሚበራ የቀረጻ መብራት፣ 5600 ለቀትር ፀሐይ ይስማማል፤ ከሰማዩ ብቻ ብርሃን የሚያገኝ ጥላ ሥር ቁጥሩ 7000ን ሊያልፍ ይችላል። ሁለት ዓይነት ብርሃን በአንድ ምስል ውስጥ ከተገናኙ ግን የቱም ቁጥር አያስታርቃቸውም። አንዱን ወገን ባቀናን ቁጥር ሌላው የባሰ ይዛባል። ስለዚህ መድኃኒቱ መፈለግ ያለበት ከካሜራው ሳይሆን ከድንኳኑ ነው።

ይህን ከማለቴ በፊት ግን ካሜራውን ነጻ ማውጣት ነበረብኝ። ከግቢው ውጭ ጥላ ያረፈበት ነጭ ግድግዳ ፈልጌ፣ ምስሉ ከዳር እስከ ዳር በግድግዳው እስኪሞላ ተጠግቼ፣ ፎከሱን አደብዝዤ ዋይት ባላንስ ወሰድኩ። ከዚያ ካሜራውን ገልብጬ ያንኑ ግድግዳ ተመለከትኩ። ካሜራው ሲገለበጥ የቀለሙ ጉድለት በዚያው በምስሉ ጠርዝ ከቀረ ችግሩ የካሜራው ወይም የሌንሱ ነው፤ ከግድግዳው ጋር አብሮ ከዞረ የብርሃኑ ነው። በተለይ ብርሃኑን በፕሪዝም ለሦስት ሴንሰሮች የሚያካፍሉ ካሜራዎች የምስሉን አንድ ጫፍ ወደ አረንጓዴ፣ ሌላውን ወደ ሐምራዊ የሚያደሉበት ጊዜ አለ። ባለሙያዎች ዋይት ሼዲንግ ይሉታል፤ ማስተካከያው በአንዳንድ ካሜራዎች የጥገና ሜኑ ውስጥ ይገኛል። ጥቁሩ ቦታ ብቻ ቀለም ካጠለቀ ደግሞ የሌንሱን ክዳን ገጥሞ ብላክ ባላንስ (ጥቁር የሚባለውን ለካሜራው ማሳወቅ) መውሰድ ይገባል። የእኔ ካሜራ በግድግዳው ላይ ንጹሕ ሆነ።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ኤሌክትሪኩ ነው። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ርካሽ የኤልኢዲ አምፖልና ፍሎረሰንት በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባሉ። ሹተሩ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚገባበት ጊዜ፣ በጣም ካጠረ በምስሉ ላይ አግድም የሚሄዱ ጭረቶች፣ አንዳንዴም ተለዋዋጭ ቀለም ይመጣሉ። ሹተሩን በ1/50 ሰከንድ አቆየሁት። ብርሃን ሲበዛ አይሪሱን (የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ) ማጥበብ ወይም ብርሃን የሚቀንስ ኤንዲ ማጣሪያ መጠቀም ይሻላል፤ ሹተሩ እንዳይነካ።

ከዚያ ወደ ዋናው ሥራ ገባሁ። ከሙሽሮቹ መቀመጫ አጠገብ ያለው የሸራ ግድግዳ እንዲገለጥ የሙሽራዋን አባት ጠየቅኋቸው።

«እንግዶቼ ፀሐይ ሊመታቸው ነው እንዴ ልጄ?» አሉኝ።

«አባባ፣ በጥር ፀሐይ በደቡብ በኩል ነው የምትዞረው። የሰሜኑን ጎን ብቻ ብንገልጥ ብርሃኑ ይገባል፣ እሷ አትገባም።»

ቀና ብለው ሰማዩን አዩና ልጆቹን ጠርተው ሸራውን አስጠቀለሉት። ለእኔ የዚያ ቀን ትልቁ ሥራ ይህ ነበር፤ ከአንድ አቅጣጫ የሚመጣ ሰፊና ወጥ ብርሃን ከየትኛውም ሜኑ ይበልጣል።

ከላይ የሚወርደውን ሰማያዊ ለማገድ ነጭ አቡጀዲ ብቻውን አይበቃም፤ ቀለሙ ዘልቆት ያልፋል። ስለዚህ ከሙሽሮቹ በላይ መጀመሪያ ጥቅጥቅ ያለ ጥቁር ጨርቅ፣ ከሥሩ አቡጀዲ አስወጠርኩ። የበረንዳውን ቢጫ አምፖሎች አስወልቄ 6500 ኬልቪን የተጻፈባቸውን ነጭ አምፖሎች ተካሁ። አምፖል ሲገዛ ካርቶኑ ላይ ያለውን፣ አምፖሉ ቀለሞችን ምን ያህል በትክክል እንደሚያሳይ የሚነግረውን መለኪያም (CRI) ማንበብ ያስፈልጋል፦ 80 የሚለው ፊትን ያገረጣል፣ ከ90 በላይ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ቀዩን ቀለም በተሻለ ያሳያል፤ ለጠይም ፊትና ለጥለት ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። ቄጠማው አረንጓዴ ብርሃን ከታች ወደ አገጭ ይመልሳል፤ እሱን ማንሳት ግን ደስታቸውን መንካት ነው፣ አልሞከርኩትም። ከመቀመጫቸው ፊት ለፊት ብቻ ግራጫ ምንጣፍ አስነጠፍኩ። ቀይ ምንጣፍ ቢሆን ኖሮ በአረንጓዴው ፋንታ ቀይ ይመጣ ነበር።

ለቀረጻው የሚሆነውን ዋይት ባላንስ የወሰድኩት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ነጠላ ላይ መውሰድ የተለመደ ቢሆንም አልመክርም፤ ብዙ የልብስ ሳሙና ውስጥ ያለው ማንጪያ የማይታየውን የፀሐይ ጨረር ወደ ሰማያዊ ብርሃን ይለውጣል፣ ካሜራውም ነጩን አሳስቶ ያነባል። ለዋይት ባላንስ የሚያገለግለውን ግራጫ ካርድ የሙሽራዋ እህት በመቀመጫው ላይ፣ በፊት ከፍታ ይዛልኝ ካሜራው 7000 ገደማ አነበበ፤ ቆለፍኩት። አውቶማቲኩ ክፍት ቢሆን ቀይ ካባ የለበሰ ሰው ባለፈ ቁጥር የሁሉም ፊት ይለዋወጣል። ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ የውጭው ብርሃን መለወጥ ሲጀምር ካርዱን መልሼ አስያዝኩ።

በኮምፒውተር ላይ የቀረው ትንሽ ነበር። ዳቪንቺ ሪዞልቭ በተባለው የቅንብር ፕሮግራም ውስጥ በረንዳው አካባቢ የቀረውን ቢጫ በዚያ በኩል ብቻ በሚያርፍ ማስክ ቀነስኩ። ፊትን በዓይኔ ብቻ አልፈረድኩም፤ ቀይም ሆነ ጠይም ወይም ጥቁር፣ የሰው ቆዳ በቬክተርስኮፕ (የምስሉን ቀለሞች በክብ ሰሌዳ በሚያሳይ መለኪያ) ላይ በአንድ መሥመር አካባቢ ያርፋል፣ እሱን ተከተልኩ። ነጠላው እንዳይቃጠል በቀረጻው ጊዜ መጠንቀቄም ጠቀመኝ፤ ከልክ በላይ የነጣ ቦታ ውስጥ የሚመለስ ቀለም የለም።

ሁለተኛ ካሜራ ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። በሁለቱም ላይ 5600 ብሎ መጻፍ አያመሳስላቸውም፤ የተለያየ ፋብሪካ ሴንሰር ያንኑ ቁጥር በየራሱ ይተረጉማል፣ በአረንጓዴና በሐምራዊ መካከል ያለው ሚዛን ደግሞ በኬልቪን ቁጥሩ ውስጥ የለም። ሁለቱንም ካሜራዎች በአንድ ካርድ፣ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት አስነብቡ፤ ካርዱንም ለጥቂት ሰከንዶች በሁለቱም ቅረጹት፣ በቅንብር ጊዜ አንዱን ከሌላው ጋር የምታስተያዩት በእሱ ነው።